ፀሐይዋ በየት በኩል ትውጣ? የሕንፃ ሬንደር ጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሰው የሕንፃ ንድፍን በኮምፒውተር ወደ ምስል ስለ መለወጥ፣ ሁላችንም ሬንደር ስለምንለው ሥራ፣ ከልደታ፣ ከካዛንቺስ፣ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ የደረሱንን ጥያቄዎች ነው። የተመሳሰሉትን አዋህደናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልደታ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ፤ ሦስተኛ ዓመት። ስኬችአፕ የሚባለውን የሞዴል መሥሪያ እችላለሁ። ከጓደኞቼ ግማሹ ሉሚዮን፣ ግማሹ ቪሬይ፣ ሌላው ብሌንደር ይለኛል። ላፕቶፔ 16 ጂቢ ራምና 4 ጂቢ የሆነ አርቲኤክስ 3050 ግራፊክስ ካርድ አለው። በየትኛው ልጀምር? ላፕቶፑንስ ልቀይረው?

መልስ፦ ላፕቶፑን ለመቀየር አይቸኩሉ፤ በእጅዎ ባለው መማር ይቻላል። በብሌንደር ይጀምሩ። ብሌንደር ነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። በዶላር የሚከፈል ወርኃዊ ክፍያ የለውም፤ አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ውስጡ ሁለት የሬንደር ሞተሮች አሉ። ኢቪ ፈጣን ነው፣ ለሙከራና ለቪዲዮ ይመቻል። ሳይክልስ የብርሃንን መንገድ ጨረር በጨረር ስለሚያሰላ ይዘገያል፤ ምስሉ ግን እውነተኛ ይሆናል። ሳይክልስ በግራፊክስ ካርዱ ብቻ የሚኖር አይደለም። ሥራው ለ4 ጂቢ ሲከብደው ወደ ፕሮሰሰሩ ያዞሩታል፤ ቢያዘግምም ይጨርሳል። ለእርስዎ ማሽን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ብሌንደር አዝራሩ ብዙ ነው፣ ጥቂት ወራት ትዕግሥት ይጠይቃል። ጁሪ (ሥራዎን ለመምህራን የሚያቀርቡበት ግምገማ) በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሆነ ትዊንሞሽንን ይሞክሩ። የስኬችአፕን ፋይል እንዳለ ይከፍታል፤ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሆነ ተጠቃሚዎችም ነፃ ነው። በ4 ጂቢ ካርድ ላይ ግን ዛፍ ሲበዛ ይንቀራፈፋል። ሉሚዮንና ኤንስኬፕ ቢሮ ውስጥ ሥራ የሚያፋጥኑ፣ ቪሬይና ኮሮና ደግሞ ጥራታቸው የተመሰከረላቸው ናቸው፤ ቢሮው ፈቃድ ከገዛበት ቦታ ሲቀጠሩ ይማሯቸዋል። ስለ ብርሃን፣ ስለ ካሜራና ስለ ማቴሪያል የሚያውቁት አብሮዎት ይሄዳል፤ የሚቀየረው የአዝራሩ ቦታ ነው።

ክራክ የተደረገ ሶፍትዌርና ምንጩ ያልታወቀ ፋይል በፍላሽ መቀባበልን አጥብቀን እንቃወማለን። ስሪዲኤስ ማክስ በሚባለው ሌላ የሞዴል መሥሪያ ላይ ኤኤልሲ እና ሲአርፒ የሚባሉ የስክሪፕት ቫይረሶች በራሱ በሥራው ፋይል ውስጥ ተደብቀው ይዞራሉ። የጓደኛዎን ፋይል ሲከፍቱ ወደ ማሽንዎ ይገባሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚያስቀምጡትን ሁሉ ይበክላሉ። ያስቀመጧቸው መብራቶች ይጠፋሉ፣ ወደኋላ መመለሻው መሥራት ያቆማል። ይህን ካዩ የሶፍትዌሩ ባለቤት ኦቶዴስክ በነፃ የሚሰጠውን «ሲን ሴኩሪቲ ቱልስ» ይጫኑ።

አሁን ወደ 4 ጂቢው። አንድ 4ኬ ቴክስቸር (ገጽ ላይ የሚለበስ ምስል) 4096 በ4096 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ሲይዝ 64 ሜጋባይት ይሆናል። ለአንድ ማቴሪያል የቀለም፣ የሸካራነት፣ የኖርማል (ገጹ በየነጥቡ ወዴት እንደዞረ የሚያሳይ) እና የከፍታ ምስል ቢጠቀሙ 256 ሜጋባይት ሄደ ማለት ነው። አሥራ አምስት እንዲህ ያለ ማቴሪያል ካርዱን ጠርቆ ይሞላዋል። በዲስክ ላይ ፋይሉ 5 ሜጋባይት መሆኑ አያታልልዎ፤ ሬንደር ሲደረግ ተዘርግቶ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ካሜራው አጠገብ ላለው ወለል 4ኬ፣ ራቅ ላለው ግድግዳ 2ኬ፣ ለማዶው ሕንፃ 1ኬ ይበቃል። ልዩነቱን ዓይን አያየውም፣ ካርዱ ግን ያየዋል። ቴክስቸርና የሰማይ ምስል ያለ ክፍያና ያለ ገደብ ከፖሊ ሄቨንና ከአምቢየንት ሲጂ ይገኛል።

አንድ ቀን ላፕቶፕ ሲገዙ የካርዱን ስም ብቻ አይመኑ። ላፕቶፕ ላይ አርቲኤክስ 4060 የሚባለው ካርድ እንደ ላፕቶፑ አሠራር ከ35 እስከ 115 ዋት ይመደብለታል፤ ስሙ አንድ፣ ጉልበቱ ግን የተራራቀ ነው። ሱቁ ውስጥ ቻርጀሩን ሰክተው «ታስክ ማኔጀር»ን ይክፈቱና በ«ፐርፎርማንስ» ስር የካርዱን የራሱን ሜሞሪ ይዩ። ሌላም ነገር አለ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ላፕቶፑን አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ ሬንደር ማድረግ እዚህ ከተማ በተለይ አይመከርም።

ሞዴልዎን ከስኬችአፕ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። ስታይሉን ወደ ሞኖክሮም ይቀይሩ። ነጭ ሆኖ የሚታየው ገጽ ፊቱ ነው፤ ወደ ሰማያዊ ያጋደለ ግራጫ የሆነው ጀርባው ነው። ከውጭ የሚታይ ግራጫ ገጽ ካለ ተገልብጧል ማለት ነውና በቀኝ አዝራር ነክተው «ሪቨርስ ፌስስ» ያድርጉ። ይህን የዘለለ ሰው ወደ ሬንደር ሲገባ ግድግዳው ይጠቁርበታል ወይም ጭራሽ ይጠፋበታል፤ ከዚያ ጥፋቱን መብራቱ ላይ ሲፈልግ ይውላል።

የመጀመሪያ ልምምድዎ ቪላ አይሁን። 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ይሥሩ፤ አንድ መስኮት፣ አንድ በር፣ አንድ ጠረጴዛ። ሁሉንም ግራጫ አድርገው በፀሐይና በሰማይ ብርሃን ብቻ ሬንደር ያድርጉት። የጠረጴዛውንና የበሩን ጠርዞች ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያለስልሷቸው፤ በእውነተኛው ዓለም እንደ ምላጭ የሰላ ጠርዝ የለም፣ ብርሃንን የሚይዘው ያቺ ቀጭን ጠርዝ ናት። ካሜራውን ከወለሉ 150 ሳንቲሜትር ላይ፣ ሌንሱን 24 ሚሊሜትር ያድርጉት። ካሜራው ወደ ላይም ወደ ታችም አያጎንብስ። ጣሪያው ካልታየዎ ካሜራውን ሳያዘነብሉ «ሺፍት» በሚለው ከፍ ያድርጉት፤ ያን ጊዜ የግድግዳው ቀጥ ያሉ መስመሮች እንደቆሙ ይቀራሉ። ግራጫው ክፍል ሳያምር ቀለም ቢቀቡት አያምርም።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ለሚሠራ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ የውጭ ሬንደር አቅርቤ ነበር። ደንበኛው ምስሉን እንዳዩ «እዚህ ግቢ ጠዋት ፀሐይ በዚህ በኩል አትመጣም» አሉኝ። ቦታውን አዲስ አበባ ብዬ ነው የሞላሁት። ምን ተሳስቼ ነው?

መልስ፦ ደንበኛው ግቢያቸውን ያውቁታል፤ እመኗቸው። ይህ ስሕተት እኛ አገር በብዛት የሚመጣው ከሰዓት አቆጣጠራችን ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ለማሳየት ሰዓቱ ላይ 3 ብለው ከሞሉ ሶፍትዌሩ ሌሊት 9 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል፤ ምስሉ ይጨልማል። ጨለማውን ያየ ሰው ቁጥሩን ወደ 15 ይለውጠዋል፤ አሁን ፀሐይ ወጣች፣ ግን የከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ፀሐይ ናት፣ ከምዕራብ። ትክክለኛው ቁጥር 9 ነው። ቀኑም እንዲሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የሚሞላው፤ ታኅሣሥ 12ን ለማሳየት ዲሴምበር 21 ይሙሉ።

ብሌንደር ላይ «ሰን ፖዚሽን» የሚባለውን ተጨማሪ መሣሪያ ያብሩ። ኬክሮስ 9.03፣ ኬንትሮስ 38.74፣ የሰዓት ቀጠና 3 ይሙሉ፤ የበጋ ሰዓት ለውጥ የሚለውን ያጥፉ። ቀጥሎ ሰሜን። ብዙዎቻችን ሕንፃው ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ፕላኑን እናዞራለን። ሶፍትዌሩ ግን ሰሜን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው ብሎ ያምናል። ፕላኑን 32 ዲግሪ አዙረውት ከሆነ ያንኑ ያህል «ኖርዝ ኦፍሴት» ላይ መሙላት አለብዎ፤ አቅጣጫው ተገልብጦ እንደሆነ ለማወቅ የግቢውን የጠዋት ጥላ በስልክ ፎቶ አንስተው ከምስሉ ጋር ያስተያዩት።

የከተማችን ፀሐይ ከአውሮፓ መማሪያ ቪዲዮዎች ፀሐይ በጣም ትለያለች። 15 ሜትር ቁመት ያለውን የእርስዎን ሕንፃ እንውሰድ። ታኅሣሥ 12 ቀትር ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ትላለች፤ ጥላው ወደ ሰሜን 9 ሜትር ተኩል ይሆናል። መጋቢት 12 ቀትር ላይ 81 ዲግሪ ትደርሳለች፣ ጥላው 2 ሜትር ተኩል እንኳን አይሞላም። ሚያዝያ 5 አካባቢና ነሐሴ 23 አካባቢ በትክክል አናት ላይ ትሆናለች። ሰኔ 14 ደግሞ ከሰሜን በኩል ነው የምታበራው፤ ጥላው ወደ ደቡብ 4 ሜትር ገደማ ይወድቃል። የሰሜን ፊት ፀሐይ አያገኝም ብሎ መስኮቱን ያለ መከለያ የሚተው ሰው ይህን ልብ ይበል። ቀትር ስንልም ልክ 6 ሰዓት አይደለም፤ በአማካይ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ምክንያቱም የምንጠቀምበት ሰዓት የተሰላው ከእኛ በምሥራቅ ላለው ለ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው።

ለምስል ቀትርን ይሽሹት። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የበረንዳው ጥላ ፎቁን ሁሉ ይሸፍነዋል፣ ፊቱም ይሞታል። ታኅሣሥ 12 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ 31 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 34 ዲግሪ ያህል አጋድላ ትገኛለች። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ ለዞረ ፊት ከዚህ የሚበልጥ ብርሃን የለም፤ የግድግዳው እርከንና የመስኮቱ ጥልቀት ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

የፀሐይዋን ስፋት 0.53 ዲግሪ አካባቢ ይተዉት። ጥላው እንዲለሰልስ ብለው 5 ካደረጉት የበጋው ጠራ ያለ ሰማይ ጠፍቶ ጭጋጋማ አገር ይመስላል። «ስካይ ቴክስቸር» ከተጠቀሙ ከፍታው ላይ 2,350 ሜትር ይሙሉ፤ የሰማዩ ሰማያዊነት ይጠልቃል። ሰማዩ ከተፈጥሮው ብሩህ ስለሆነ ምስሉ ነጭ ቢሆንብዎ አይደንግጡ፣ ጉልበቱን ወደ 0.1 ያውርዱት። ክረምትን ለማሳየት ከፈለጉ ግን ፀሐይዋን አጥፍተው የዳመነ ሰማይ ምስል ብቻ ይጠቀሙ፤ እርጥብ ኮብልስቶን ለማድረግ ደግሞ ሸካራነቱን በየቦታው ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሰርቬየሩ የሰጠኝን የኦቶካድ ሳይት ፕላን ሳስገባ ሞዴሉ ይንቀጠቀጣል፣ መስመሮቹ ይሰባበራሉ፣ ካሜራውን ሳዞር ሕንፃው ይጠፋል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ፋይሉ ደህና ነው። ሰርቬየሩ የሠራው በአገር አቀፍ መጋጠሚያ ነው፤ አዲስ አበባ በዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚገልጽ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናት። የመሀል ከተማ ቦታ ወደ ምሥራቅ 472 ሺህ ሜትር አካባቢ፣ ወደ ሰሜን 998 ሺህ ሜትር አካባቢ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ቤትዎ ከሶፍትዌሩ መነሻ ነጥብ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው የገባው። አብዛኞቹ የሬንደር ፕሮግራሞች ቦታን በ32 ቢት ቁጥር ስለሚይዙ በዚያ ርቀት ላይ ሊለዩት የሚችሉት ትንሹ ልዩነት 6 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የበር ፍሬም ውፍረቱ 5 ሳንቲሜትር ቢሆን የት ይገባል? ይንቀጠቀጣል።

መፍትሔው ኦቶካድ ላይ ነው። ከችካሎቹ አንዱን ይምረጡ፣ መጋጠሚያውን ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ከዚያ ሁሉንም ነገር በአንድ ላይ ይዘው ያን ችካል ወደ 0,0 ይውሰዱት። የጻፉትን ቁጥር አይጣሉት፤ ስትራክቸሩ ወይም የመንገዱ ፋይል ሲመጣ በዚያው ልክ ያንቀሳቅሱታል። ከዚያ ልኩን ይፈትሹ። በሚሊሜትር የተሠራ ሥዕል በሜትር ሲገባ አንድ ሺህ ጊዜ ይገዝፋል። በሩን ይለኩት፤ 90 በ210 ሳንቲሜትር አካባቢ ካልሆነ አይቀጥሉ። ልኩ የተሳሳተ ሞዴል ላይ ጥላው፣ ቴክስቸሩና የካሜራው ጥልቀት ሁሉ ይዋሻሉ።

ጥያቄ፦ የሳሎን ሬንደር ስድስት ሰዓት ፈጅቶ እንኳን ነጠብጣብ የበዛበት ነው። ሳምፕሉን (ለአንድ ነጥብ የሚሰላውን የጨረር ብዛት) 4096 አድርጌዋለሁ። ከዚህ በላይ ልጨምር?

መልስ፦ አይጨምሩ፤ ይቀንሱ። ነጠብጣቡን በግማሽ ለማሳነስ ሳምፕሉን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በዚህ መንገድ ስድስት ሰዓቱ ሃያ አራት ይሆናል። 400 አካባቢ ያድርጉትና ነጠብጣብ የሚያጸዳውን «ኦፕን ኢሜጅ ዲኖይዝ»ን ያብሩ።

ዋናው ችግር ግን ብርሃኑ ወደ ውስጥ አለመግባቱ ነው። መስታወቱን ይዩት። እንደ እውነተኛ መስታወት የተሠራ ገጽ ለሳይክልስ ከባድ ነው፤ ለጥላ ጨረር ግልጽ እንዲሆን «ላይት ፓዝ» ላይ «ኢዝ ሻዶው ሬይ»ን ተጠቅመው ከትራንስፓረንት ጋር ያደባልቁት። እያንዳንዱ መስኮት ላይ ኤሪያ ላይት ያስቀምጡና «ፖርታል» የሚለውን ያብሩ፤ ራሱ አያበራም፣ ሰማዩ በየት በኩል እንደሚገባ ለሶፍትዌሩ ይጠቁማል። ነጭ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ 1.0 ሳይሆን 0.8 ያድርጉት። ፍጹም ነጭ ብርሃንን ሳይውጥ እየመለሰ ስሌቱን ያራዝማል፣ ምስሉንም የገረጣ ያደርገዋል። አልፎ አልፎ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች ከቀሩ «ክላምፕ ኢንዳይሬክት»ን ከ10 ወደ 3 ያውርዱ።

የኖርማልና የሸካራነት ምስሎች «ነን ከለር» ተብለው መመረጣቸውን አይርሱ። ሙከራ ሲያደርጉም የምስሉን ስፋትና ቁመት ወደ 25 በመቶ ያውርዱ፤ የነጥቡ ብዛት አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሚሆን ስድስት ሰዓቱ ወደ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ሬንደር እያደረግኩ መብራት ጠፍቶ የሁለት ቀን ሥራ ወደመብኝ። ዩፒኤስ ልግዛ?

መልስ፦ ቢገዙ ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ ዩፒኤስ ለደቂቃዎች ነው የሚያቆይዎ። ሂሳቡን ይዩት፦ 30 ሰከንድ በየሰከንዱ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሆን 750 ምስል ነው፤ አንዱ 3 ደቂቃ ቢፈጅ ሠላሳ ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በዚህ ሁሉ ሰዓት መብራት ላይጠፋ ይችላል ብሎ መተማመን ልክ አይደለም።

ሬንደሩን በቪዲዮ ፋይል አያስቀምጡ፤ ተቋርጦ የቀረ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም። ውጤቱን ፒኤንጂ አድርገው እያንዳንዱ ፍሬም በየራሱ ፋይል ይቀመጥ። «ኦቨርራይት»ን (በነበረው ፋይል ላይ መልሶ መጻፍን) ያጥፉ። መብራት ሲመጣ ያንኑ ሬንደር እንደገና ያስጀምሩት፤ ያለቀውን እየዘለለ ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። «ፕሌስሆልደርስ» በርቶ ከነበረ ሲቋረጥ የተጀመረው ፍሬም ባዶ ፋይል ሆኖ ይቀራል፤ ሶፍትዌሩም ያለቀ መስሎት ይዘለዋል። ስለዚህ ማኅደሩን በፋይል መጠን ደርድረው 0 ባይት የሆነውን፣ ግማሽ ቀርቶም ከሆነ የመጨረሻውን ያጥፉ። ለምልክት፦ ቪዲዮው ላይ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጥቁር ብልጭታ ካለ እሱ ነው። ሲያልቅ ፍሬሞቹን በብሌንደሩ «ቪዲዮ ሲኩዌንሰር» ወደ ኤምፒ4 ይለውጧቸው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ላይ የሚሠራ ሕንፃ ነው፣ ሬንደሩ ግን ሌላ አገር ይመስላል ይሉኛል። ዛፎቹን ከሶፍትዌሩ ላይብረሪ (ዝግጁ ሞዴሎች ስብስብ) ነው የወሰድኳቸው።

መልስ፦ የላይብረሪዎቹ ዛፎች በአብዛኛው የአውሮፓ ናቸው። ጃካራንዳ፣ ዘንባባና ባሕር ዛፍ ይፈልጉ፤ በብዙዎቹ ላይ ይገኛሉ። ከዛፉ በላይ ግን ዙሪያው ነው የሚናገረው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ የፒያሳንና የአራት ኪሎን መንገድ ስለቀየረው የሳተላይት ካርታውን ብቻ አይመኑ። ቦታው ድረስ ሄደው ካሜራውን ከሚያቆሙበት ነጥብ፣ በዓይን ከፍታ፣ ፎቶ ያንሱ፤ የእግረኛ መንገዱን ስፋት፣ የመብራት ምሰሶውን ርቀትና የጎረቤቱን ጣሪያ ቁመት ይለኩ።

የጎረቤቱን ቤት ከነቆርቆሮው ይሥሩት። የተለመደው ቆርቆሮ ሞገድ ከጫፍ ጫፍ 76 ሚሊሜትር ነው፤ ምስሉን ሲዘረጉ ይህን ካልጠበቁ ጣሪያው የአሻንጉሊት ይመስላል። አዲሱን ቆርቆሮና የዛገውን ያቀላቅሉ። ሕንፃው አናት ላይ ሮቶው ከንድፉ ላይ ካለ ሬንደሩ ላይም ይኑር፤ ደብቀው ያሳዩት ደንበኛ ግንባታው ሲያልቅ ይጠይቅዎታል። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ አንድ ይበቃል። ለሰዎች የውጭ አገር ሥዕል ከመለጠፍ ይልቅ ፈቃድ ጠይቀው የሚያውቋቸውን ሰዎች በጥላ ቦታ ላይ ፎቶ አንስተው ቆርጠው ያስገቡ፤ ፀሐይ ላይ ካነሷቸው ጥላቸው ከሬንደሩ ጥላ ጋር ይጣላል።

ጥያቄ፦ ለኤ1 ወረቀት ስንት ፒክስል ላድርግ?

መልስ፦ ሉሁን የሚሞላ ምስል ከሆነ 4967 በ3508። ይህ በ150 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 150 ነጥብ) ነው፤ ኤ1 ወረቀት ከአንድ ሜትር ርቀት ስለሚታይ ይበቃል። ይኸው ምስል ኤ3 ላይ ሲታተም 300 ዲፒአይ ይሆንልዎታል፣ ስለዚህ ለሁለቱም አንዴ ሬንደር ማድረግ ነው። የሉሁን ግማሽ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን 3508 በ2483 አድርገው ሰዓትዎን ይቆጥቡ። ማተሚያ ቤት ከመሄድዎ በፊት ደግሞ ጥቁር የበዛበትን ቦታ ጥቂት ያፍኩት፤ ስክሪን ላይ የሚለየው ጥላ ወረቀት ላይ አንድ ላይ ይጨልማል።